የመሪጌታው ምስክርነት

እናትዓለም ክኒኑን ስኒ ውስጥ ጥላ በማንኪያ ጀርባ ከመጫኗ በፊት ሁልጊዜ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። ክኒኑ ሲፈርስ የሚያሰማው ድምፅ ሽምብራ ከመቆርጠም አይበልጥም፤ ነገር ግን ተደብቆ የሚሠራ ሰው የገዛ ትንፋሹም ይጮህበታል። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባሏ ከቅዳሴ ተመልሰው በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ሲያራግፉ፣ እሷ ወጥ ቤት ቆማ ነጩን ዱቄት በጣቷ ጫፍ ጠረገችና እሷ በምትቀመጥበት በኩል ካለው የሽሮው ጥግ ለወሰችው። ከዚያ ስኒውን አጠበች፣ ሬዲዮኑን ቀነሰች፣ ትሪውን ይዛ ገባች።

ይህን ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ባሏን፣ መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን፣ የሹም አቦ ሰፈር ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራቸው የኖረችው እሷም እንዲሁ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗል። እያጉረመረሙም ቢሆን ክኒናቸውን ይወስዱ ነበር፤ በመስከረም ግን ሁለት ሱባኤ ጠበል ገብተው ሲመለሱ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን የሦስት ወር ክኒን በጋዜጣ ጠቅልለው አስረከቧትና «ይህን መልሺላቸው፤ ለሚያስፈልገው ይስጡት» አሏት። «ሰውን ሁሉ በእምነት ጠጣ እያልሁ እኔ ክኒን በኪሴ ይዤ ልዙር?» ነገሩ ድንቁርና አልነበረም፤ የኔታ ከማንም በላይ የተማሩ ናቸው። ኀፍረት ነበር። እናትዓለም ግን የእሳቸው ታላቅ ወንድም ሐሙሲት ገበያ መካከል ጤፍ ሲያስመዝን ወድቆ በዚያው እንደቀረ አልረሳችም። እሱም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አላመመኝም ባይ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣውን ተቀብላ ከልብሷ ሣጥን ሥር ከተተችው፤ በሳምንቱ «መለስሽ?» ሲሏት «መለስሁ» አለች።

ውሸቱ ቀላሉ ነገር ነበር፤ ከባዱ ማብላቱ ነው። ወጡ ላይ ብትበትነው ግማሹ ትሪው ላይ ይቀራል፤ ውኃ ላይ ብታሟሟው ይታያል። በመጨረሻ ያገኘችው ዘዴ ጉርሻ ነው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከዚያ ከተለወሰው ጥግ ጠቅልላ ታጎርሳቸዋለች፤ ረቡዕና ዓርብ ጾሙ ሲፈታ በዘጠኝ ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሌላው ቀን ቁርስ ላይ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛዋን ታስከትላለች፤ ሁለተኛዋ ባዶዋን ናት። የኔታ በዘመናቸው እንዲህ ባለ ነገር የሚታወቁ ባል አልነበሩም። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገባቸው፤ አፈሩም፤ ከዚያ ለመዱ፤ ውለው አድረው እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት መጠበቅ ጀመሩ። አንድ ቀን «ካረጀን በኋላ ሙሽርነት ጀመርሽ እኮ እናትዓለም» ብለው ሲስቁ ያየችው ፊት ክኒን በደቆሰች ቁጥር ይታያታል።

ዛሬም ሁለቱን ጎርሰው ትንሽ ካኘኩ በኋላ «ጨው አሁንም ገበያ አልወጣም?» ብለው ቀለዱባት። ጨውን የቀነሰችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስላለቻት ነው፤ እሳቸው ግን የጨው ዋጋ የናረ ነው የሚመስላቸው። ከዚያ እጃቸውን እየታጠቡ፣ አራት ሰዓት ላይ ደብሩ ግቢ ውስጥ ለሕዝቡ ግፊት በነጻ ሊለካ መሆኑን ነገሯት። ሰው ፈርቶ እንዳይሸሽ አስተዳዳሪው አባ ኪዳነ ወልድ እርስዎ ይጀምሩልን ብለዋቸዋል። «ቢቀርብዎ ምናለ? ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው አድረዋል» አለች። «ክንድ መዘርጋት ምን ድካም አለው» አሉና ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። እናትዓለም ሳህኑን ሳታነሳ ነጠላዋን ደርባ ተከተለቻቸው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከኮሌጅ የመጡ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ከዋርካው ሥር ድንኳን ተክለው፣ ሦስት ጠረጴዛ ደርድረው፣ «ደም ግፊትዎን ይወቁ» የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል። ከአጥሩ ማዶ ሐይቁ ነው፤ ዳር ዳሩን የእምቦጭ አረም ስለወረረው ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ይመስላል። ሕዝቡ ድንኳኑን ከቦ ይቁም እንጂ ወደ ወንበሩ የሚጠጋ አልነበረም። በግል ክሊኒክ ሃምሳ ብር ከፍሎ የሚለካ ሰው በነጻ ሲሉት ይጠራጠራል። አንዱ ሽማግሌ «እኔ ደህና ነኝ፤ የሚጀምረኝ ከተለካሁ በኋላ ነው» ብለው ሰውን አሳቁ፤ የሳቀው ሁሉ ግን በልቡ ያንኑ ይል ነበር። ሁሉም የጎረቤቱን ቁጥር ለማየት መጥቷል፤ የራሱን ለማሳየት የመጣ የለም።

አባ ኪዳነ ወልድ ማይክሮፎን ይዘው «የኔታ ይጀምሩልንና እኛ እንከተላለን» አሉ። የኔታ ተቀምጠው ክንዳቸውን ዘረጉ። የለካቻቸው ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ወንጌላዊት ናት፤ ሰፈሩን ቤት ለቤት የምታውቅ፣ ቃል የማታባክን ልጅ። ክንዳቸው ላይ የታሰረው የመለኪያው ጨርቅ ተነፋ፤ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «መቶ ሃያ አራት በሰባ ስምንት» አለች ፊቷ በርቶ። «በጣም ጥሩ ነው የኔታ። የትኛውን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?»

«መድኃኒት የለም ልጄ። ከመስከረም ጀምሮ አቋርጫለሁ። ጠበሉ ነው።»

አባ ኪዳነ ወልድ ማይክሮፎኑን አጠገባቸው ይዘው ስለነበር ይህን ግቢው ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሲስተር ወንጌላዊት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እልልታው ዋጠው። አስተዳዳሪውም «እንግዲህ ማታ በጉባኤው ላይ የኔታ ይህን በሰፊው ይመሰክሩልናል» ብለው አስታወቁ። የኔታ አንገታቸውን ደፉ፤ ኩራት አልነበረም፤ እውነት የመሰላቸውን የተናገረ ሰው እርጋታ ነበር። እናትዓለም፣ አይካድም፣ ደስ አላት። ያ መቶ ሃያ አራት የእሷ ሥራ ነው፤ በስኒ ደቁሳ፣ በጣቷ ለውሳ ያመጣችው ቁጥር ነው። ደስታዋ ግን የቆየው ባንቺአየሁን እስክታያት ድረስ ብቻ ነበር። ባንቺአየሁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

ባንቺአየሁ በአንድ ግቢ፣ በር ለበር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረች ጎረቤቷ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስታጠነጥን ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ወሬ የምትወድ፣ ሰው ሲታመም ግን ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት። አምና አንድ ጠዋት አፏ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ምላሷ ተይዞ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሎ ተገኘች። በባጃጅ ይዛት የበረረችው እናትዓለም ነች። በሦስተኛው ቀን ምላሷ ተፈታ፤ ሐኪሙም፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሁለተኛው እንዲህ አይምርሽም አላት። ከዚያ ወዲህ ክኒን ትወስዳለች፤ አንዳንድ ቀንም ትረሳለች። ዛሬ ሲለኳት ላይኛው መቶ ስድሳ ስምንት፣ ታችኛው መቶ ሆነ። ሲስተር ወንጌላዊት ረጋ ብላ ስትመክራት ባንቺአየሁ ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ አትሰማም ነበር፤ ዓይኗ የኔታ ላይ ነው።

የእናትዓለም ተራ ሲደርስ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እማማ፣ ግፊት አለብዎት ተብለው ያውቃሉ? መቶ ስድሳ ይላል። ደንግጠዋል መሰለኝ። ትንሽ ይረፉና ደግሜ እለካዎታለሁ።»

ከጎኗ ባለው አግዳሚ ተቀመጠች። ሰው ቀለል ሲል ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክኒኑን የሚያቆም ሰው ምን ይሰማዋል ልጄ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ግፊት አያምም። ሰውየው ድኛለሁ ይላል። ውስጥ ለውስጥ ሲጎዳው ይከርምና አንድ ቀን ይጥለዋል። እንደ እትዬ ባንቺአየሁ አንድ ጊዜ የነካው ሰውማ ሳምንትም ማቋረጥ የለበትም።»

«ጠበል የሚጠጣስ?»

«ይጠጣ። ማን ከለከለ? እኔም እጠጣለሁ። ክኒኑን አይተው ነው እንጂ።» ሲስተር ወንጌላዊት ወደ የኔታ አየት አደረገች፤ ሰው ከቧቸዋል፤ ጉልበት የሚስም ሁሉ አለ። «ላናግራቸው ብዬ ነበር፤ አልተመቸኝም። እኔ ሙሉ ቀን ወረቀት ባድል ሕዝቡ የሚሰማው የእሳቸውን አፍ ነው።» ደግማ ስትለካት መቶ ሠላሳ ስድስት ሆነ። «አዩ? ድንጋጤ ነበር» አለች።

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የኔታ ውስጥ ጋደም ባሉበት፣ ባንቺአየሁ ጥቁር ፌስታል ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፊቷ ቀሎታል፤ ዕድሜዋ የቀነሰ ይመስላል። ነገ ጎህ ሲቀድ በጀልባ ወደ ጠበሉ ትሻገራለች፤ ሁለት ሱባኤ ትቀመጣለች፤ ልክ እንደ የኔታ። በሶዋን አስፈጭታለች፤ ብርድ ልብስ ከእህቷ ተውሳለች፤ የጀልባውን ሰውዬ በስልክ አነጋግራለች። ፌስታሉን ዘረጋችላት። «ይህን ለጤና ጣቢያው መልሺልኝ፤ የእሳቸውን እንደመለስሽው። ከእኔ ቤት ካለ ልቤ ያመነታል።»

እናትዓለም ተቀበለች። ሳትፈልግ ነው የተቀበለችው፤ እጇ ለምዶበት። «ባንቺ፣ ጠበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ያዢ። ሲስተሯ ያለችሽን ሰምተሻል።»

«የኔታ ክኒን ይዘው ነበር የሄዱት?»

«የሰው ገላ አንድ አይደለም።»

«ገላማ አንድ ነው። እምነትሽ ያንሳል በይኝ እንጂ።» ባንቺአየሁ አልተቆጣችም፤ ያዘነች መሰለች። «ለእሳቸው የራራ አምላክ ለእኔ የማይራራው ክር ሳጠነጥን ስለኖርሁ ነው? እኔኮ እናትዬ፣ ያን ቀን አፌ ሲጣመም ማንም እንዳያየኝ ነበር የጸለይሁ። ዛሬ ግን በሰው ፊት ዳንሁ ማለት አማረኝ።» ይህን ብላ በሶዋን ልታሽግ ተመለሰች።

እናትዓለም ፌስታሉን ይዛ ቀረች። ውስጡን ስታየው ያው ነው፤ የኔታ የሚጎርሱት ዓይነት ክኒን፣ ያው ስም፣ ያው ማሸጊያ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ባሏን አድናለሁ ስትል ጎረቤቷን አሳልፋ ልትሰጥ። መናገር ነበረባት፤ አሁኑኑ፣ ሦስት እርምጃ ተሻግራ። ግን ምን ብላ? ባሌን ሳያውቅ በጉርሻ ነገር አበላዋለሁ ብላ? በዚህ አገር ሚስት ለባሏ ተደብቃ የምታበላው ነገር ስሙ አንድ ነው፤ መስተፋቅር ነው። ክኒን ነው ብትል ማን ያምናታል? የመሪጌታ ሚስት አቅምሳቸዋለች፣ እንዲያ ነው ሙሽራ ሆነው የሰነበቱት ይላሉ። ባንቺአየሁ ደግሞ ክፉ ባትሆንም ምላሷ አያርፍም፤ ዛሬ የሰማችው ነገ እስከ ጢስ ዓባይ ይደርሳል። ፈራች። ፍርሃቷንም ናቀችው፤ ግን ንቀቱ እግሯን ወደ ጎረቤቷ በር አላንቀሳቀሰውም። የተንቀሳቀሰው ወደ ባሏ ነው።

የኔታ ተነስተው አልጋው ጫፍ ተቀምጠዋል። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ የተከፈለ ነው፤ ወዲህ አልጋው፣ ወዲያ ሁለት ወንበርና መጻሕፍታቸው በፕላስቲክ ተሸፍነው የተደረደሩበት መደርደሪያ። ለማታው የሚናገሩትን በትንሽ ወረቀት ይጽፉ ነበር። እናትዓለም መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ወንበር እያለ ለምን መሬት እንደተቀመጠች እሷም አታውቅም። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ጋዜጣውን፣ ሣጥኑን፣ ስኒውን። ስትናገር የሚያዩት እጇን ነበር። ስትጨርስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ፤ ባንቺአየሁ ማዶ ሆና መዝሙር ታንጎራጉራለች።

«በየቀኑ?» አሉ በመጨረሻ።

«በየቀኑ።»

«የመጀመሪያዋ ጉርሻ?»

«የመጀመሪያዋ።»

ሌላ ሊጠይቁ አሰቡና ተዉት። ምን ሊሉ እንደነበር ገባት፤ ጉርሻው ሁሉ ለክኒኑ ብቻ ነበር ወይ ሊሉ ነው። ቢጠይቋት ኖሮ፣ መጀመሪያ ለክኒኑ ነበር፣ ኋላ ግን እኔም ሰዓቱን መጠበቅ ጀመርሁ ትላቸው ነበር። አልጠየቋትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ የሚያስፈልገው አንዱ ቃል ሳይነገር ሲቀር ሁለቱም ያዩታል፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ስለ ባንቺአየሁም ነገረቻቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንዳትነግሪ።» ተነሥተው ጋቢያቸውን ለበሱ፣ መቋሚያቸውን ያዙ፣ ጉባኤው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ወጥተው ሄዱ።

እናትዓለም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ቀስ እያለ ቁጣ መጣባት፤ በትዳሯ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። እንዳትነግሪ። ስማቸውን ሊያድኑ ነው። ማታ በሕዝብ ፊት ቆመው ያንኑ ሊደግሙት ነው፤ ባንቺአየሁም ትሄዳለች፤ አንድ ሳምንት፣ ዐሥር ቀን፤ ከዚያ ከማዶ በጀልባ ተጭና ትመጣለች። የኔታም በፍትሐቷ ላይ ቆመው ያዜማሉ። አይሆንም አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። እሳቸው ካልተናገሩ እሷ ትናገራለች፤ ዛሬውኑ፣ ባንቺአየሁ በሯን ሳትዘጋ። የፈለጉትን ይበሏት። ቡዳም ይበሏት፣ ደጋሚም ይበሏት፤ ደግሞ ስም ምንድን ነው፣ ሰው ከሞተ በኋላ።

ወደ ጉባኤው አልሄደችም። መሄድም አያስፈልግም፤ የደብሩ ድምፅ ማጉያ ወደድህም ጠላህም ቤትህ ድረስ ይመጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር መልቀም ጀመረች። ባንቺአየሁም ከወዲያኛው በር ላይ ሻንጣዋን እየቆለፈች ጆሮዋን ሰጥታለች። መዝሙሩ አለቀ። አባ ኪዳነ ወልድ ስለ ጠዋቱ አወሩ፤ የኔታን ጋበዙ። ከዚያ የኔታ ድምፅ መጣ፤ ያ ለስላሳ፣ ከሌሊት ማኅሌት የሻከረ ድምፅ። ሰላምታ ሰጡ። ስለ ዝናቡ ማለቅ፣ ስለ አዝመራው አመሰገኑ። ስለ ጠበሉ ቦታ፣ ስለ መነኮሳቱ ደግነት ተናገሩ። እናትዓለም ምስሩን ማየት አቃታት። ጊዜው ይሄዳል፤ እሳቸው ዙሪያውን ይዞራሉ። ሳህኑን አስቀምጣ ልትነሳ ስትል ማጉያው አንዴ ተንኮሻኮሸ።

«ጠዋት በዚህ ግቢ» አለ ድምፁ፣ «መድኃኒት አቋርጫለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ዋሽቻለሁ።»

ባንቺአየሁ ከሻንጣው ቀና አለች።

«ከመስከረም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ጠበሉንም ጠጥቻለሁ፤ ክኒኑንም ወስጃለሁ። ተደብቄ ነው የምወስደው። መሪጌታ ክኒን ይውጣል እንዳልባል ብዬ ነው። ጠዋት እልል ሲሉልኝ ደስ ስላለኝ ዝም አልሁ። የእኔን አፍ ሰምታችሁ መድኃኒታችሁን የተዋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ፣ ሳትተኙ፣ መልሳችሁ ውሰዱ። ነርሷ የምትላችሁን ስሙ፤ እኔን አትስሙ። ይቅር በሉኝ።»

ከማጉያው የሰው ጉምጉምታ ብቻ ይሰማ ጀመር። አባ ኪዳነ ወልድ አንድ ነገር ለማለት ሞከሩ፤ ሳል አነቃቸው፤ መዝሙር ይቀጥል አሉ። እናትዓለም በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች፤ ምስሩ ተበትኗል። ባሏ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ትምህርቱን ሳያጠና ቀጽያለሁ ያለ ተማሪ ከትምህርት ጉባኤያቸው ሲያባርሩ በዓይኗ አይታለች። ዛሬ ግን ዋሹ። ክኒኑ ተበልቷል፣ ያ እውነት ነው፤ አውቄ በላሁ ማለታቸው ነው ውሸቱ። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ነገ ጠዋት ሰፈሩ የሚያወራው ስለ እሷ ጣት እንጂ ስለ ግፊት አይሆንም ነበር፤ እንዳትነግሪ ያሉት ለዚህ ነበር። ይህ ሲገባት አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፤ ስላማቻቸው አፍራ፣ ስለወደደቻቸውም።

ባንቺአየሁ ግቢውን አቋርጣ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። ያቺ የቀለላት የቀትሩ ሴት የለችም። «ክኒኔን አምጪ» አለች። እናትዓለም ገብታ ፌስታሉን አውጥታ ሰጠቻት። «እሄዳለሁ፤ መሄዴን አልተውም፤ ግን ይዤው ነው» አለች፤ ወዲያውም አንዱን ፈልቅቃ በደረቁ ዋጠች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «የኔታን ግን ታዘብኋቸው። እኔኮ በፊታቸው መራመድ የምፈራ ሰው ነበርሁ። ሳያፍሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ቆመው። አንቺስ ይህን ሁሉ እያወቅሽ?»

እናትዓለም ልትናገር አፏን ከፈተች። የሚያቃጥላት እውነት ጥርሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያኔ የግቢው በር ተገፋና የኔታ ገቡ፤ ብቻቸውን። እሑድ ማታ ከጉባኤ ሲመለሱ እስከ በር የሚሸኛቸው ሰው አይታጣም ነበር። «እንደምን አመሸሽ ባንቺአየሁ» አሉ ጎንበስ ብለው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያልፉ ብድግ የምትልላቸው ባንቺአየሁ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ሳትመልስ፣ በአጠገባቸው አለፈች። የኔታ አልተቀየሟትም። እጇ ላይ ያለውን ፌስታል በሯ እስኪዘጋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ወሰደችው?» አሉ።

«ወሰደችው። ዋጠችም።»

«ተመስገን።»

«የኔታ፣ ነገ እኔ ሄጄ ለአባ ኪዳነ ወልድ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ሆነው መኖር አይችሉም።»

መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። «ተይ» አሉ፤ «ለአንድ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃል።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ እጃቸውን ዘረጉላትና ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።